መቶ ሃያ ሰባቱ ተሸናፊዎች

የጥሎ ማለፍ ውድድር ሒሳብ ቀላል ነው። በሎንዶን ከተማ በዊምብልደን በየዓመቱ በሚደረገው የሜዳ ቴኒስ ውድድር፤ በወንዶች የነጠላ ጨዋታ 128 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ሰው ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል እንጂ ሁለተኛ ዕድል አይጠብቀውም። በመጀመሪያው ዙር 64 ሰዎች ይወድቃሉ፤ በሁለተኛው 32፤ በሦስተኛው 16፤ እንዲህ እያለ በሰባተኛው ዙር ሁለት ሰዎች ብቻ ይገናኛሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ 127 ግጥሚያዎች ተደርገው 127 ሰዎች ተሸንፈው ይሰናበታሉ፤ ሳይሸነፍ የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው።

የዚያን የአንዱን ሰው ስም ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝና፤ ጁላይ 13 ቀን 2025 ዓ.ም. የኢጣልያው ያኒክ ሲነር የስፔኑን ካርሎስ አልካራዝን 4 ለ 6፣ 6 ለ 4፣ 6 ለ 4፣ 6 ለ 4 በሆነ ውጤት አሸንፎ፤ በዊምብልደን የነጠላ ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ኢጣልያዊ ለመባል በቃ። ይህ ሰው ከአምስት ሳምንት በፊት በፓሪስ ፍጻሜ ላይ በዚሁ በአልካራዝ ፊት፤ ለድል አንዲት ነጥብ ብቻ የቀረችው ሦስት ጊዜ ሆኖ ሳለ፤ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ከፈጀ ትግል በኋላ የተሸነፈ ነበር። ስለዚህ የዊምብልደኑ ክብር የሚገባው መሆኑን የሚክድ ያለ አይመስለኝም።

የዛሬው አሳቤ ግን ስለ ሻምፒዮኑ አይደለም። ለማመልከት የምፈልገው ስለ ቀሩት 127 ሰዎች፤ ይልቁንም ከነርሱ በስተኋላ በሩ ላይ ቆመው ስለሚጠባበቁት ነው። አንድ ውድድር ጤነኛ መሆኑና አለመሆኑ የሚታወቀው ለአሸናፊው በሚሰጠው ዋንጫ ብቻ አይደለም፤ ተሸናፊውን አሰናብቶ ወደሚቀጥለው ከተማ የሚልክበትም ሁኔታ መታየት አለበት።

ወደ ሜዳው የሚገባው ማነው?

ከ128ቱ ተጫዋቾች መካከል 104ቱ የሚገቡት በዓለም የደረጃ ሠንጠረዥ ላይ ባላቸው ቦታ ነው። ስማቸው የሚወሰደው ውድድሩ ከመጀመሩ ስድስት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ነው። 8ቱ በልዩ ግብዣ ይገባሉ። የቀሩት 16 ቦታዎች በማጣሪያ የሚገኙ ሲሆኑ፤ ለእነዚህ 16 ቦታዎች ሌሎች 128 ተጫዋቾች ከዋናው ሜዳ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በሮሃምፕተን ሦስት ዙር ይጋጠማሉ። ከዚህም ሌላ 32 ተጫዋቾች ተመራጭ ተብለው ዕጣው ሲወጣ በየማዕዘኑ ስለሚበተኑ፤ ታላላቆቹ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች እርስ በርሳቸው አይገናኙም።

ይህ አሠራር ለበረቱት የሚያደላ መሆኑ ግልጽ ነው። ቢሆንም ሣሩ ለማንም ዋስትና አይሰጥም። በ2025 ዓ.ም. ውድድር ከ32ቱ ተመራጮች መካከል 13ቱ በመጀመሪያው ዙር ወድቀዋል። ሦስተኛው ተመራጭ የጀርመኑ አሌክሳንደር ዝቬሬቭ ከፈረንሳዩ አርቱር ሪንደርክኔሽ ጋር በሁለት ቀን ተከፍሎ በተደረገ ግጥሚያ ተሸንፎ ከወጣ በኋላ፤ በሕይወቱ ውስጥ ብቸኝነትና ባዶነት እንደሚሰማው ለጋዜጠኞች ሳይደብቅ ነገራቸው። በዓለም ላይ ሦስተኛ የሆነ ባለጸጋ ወጣት እንዲህ ካለ፤ ሁለት መቶኛው ሰው በዚያች ሌሊት በሆቴል ክፍሉ ውስጥ ምን ያስብ ይሆን?

እዚህ ላይ ቆም ብለን መመልከት የሚገባን ነገር አለ። በሠንጠረዡ ላይ መቶኛ በሆነውና መቶ ሠላሳኛ በሆነው ተጫዋች መካከል ያለው የችሎታ ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው፤ በአንድ ቀን ነፋስና በአንድ ቁርጭምጭሚት ሕመም ሊገለበጥ ይችላል። ነገር ግን አንደኛው በቀጥታ ይገባል፤ ሌላው በማጣሪያው በር ላይ ይሰለፋል። በ2025 ዓ.ም. በዋናው ውድድር የመጀመሪያ ዙር የተሸነፈ ሰው 66,000 ፓውንድ ሲያገኝ፤ በማጣሪያው የመጀመሪያ ዙር የወደቀ 15,500 ፓውንድ ይዞ ሄዷል። እንዲህ ያሉት ታላላቅ ውድድሮች በዓመት አራት ናቸው፤ በሜልቦርን፣ በፓሪስ፣ በሎንዶንና በኒው ዮርክ። ስለዚህ ከበሩ ወዲህና ወዲያ መሆን በአራት ሲባዛ፤ አሠልጣኝና ወጌሻ ይዞ በሚዞር ሰውና ሻንጣውን ብቻውን በሚጎትት ሰው መካከል ያለው ልዩነት ሆኖ ይገኛል። ደግሞም በሠንጠረዡ ላይ የሚያዘው ነጥብ ዕድሜው 52 ሳምንት ብቻ ነው። በሕመም ምክንያት ጥቂት ወራት የተኛ ሰው ነጥቡ ከእጁ እየፈሰሰ ሲያልቅ ያያል።

ገንዘብ ነውር በነበረበት ዘመን

የዛሬውን ክርክር ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ውድድሩ በ1877 ዓ.ም. ሲጀመር የተሰለፉት 22 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ያሸነፈውም ስፔንሰር ጎር የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። በኋላም እስከ 1921 ዓ.ም. ድረስ ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ከሌሎቹ ጋር ከመጀመሪያው ዙር አይጫወትም ነበር። ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ሲደካከሙ ሰንብተው የመጨረሻው አሸናፊ ወደ እርሱ ይመጣለታል። ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ ይህ ልማድ ቀርቶ ሻምፒዮኑም እንደ ማንኛውም ሰው ከመጀመሪያው ዙር እንዲጀምር ተደረገ። ውድድሩ ወደ እኩልነት ከወሰዳቸው እርምጃዎች አንዱ ይህ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ግን ብዙ ዘመን ዘገየ። በዚያን ጊዜ ሕግ መሠረት በዊምብልደን መጫወት የሚችለው አማተር ብቻ፤ ማለት ለፍቅሩ እንጂ ለገንዘብ የማይጫወት ሰው ነበር። ለገንዘብ የተጫወተ ከታላላቆቹ ውድድሮች ሁሉ ይባረራል። ይህ ሕግ ሲሰሙት ክቡር ይመስላል። ነገር ግን ያለ ደመወዝ ዓመቱን ሙሉ ከአገር ወደ አገር እየዞረ ሊጫወት የሚችለው፤ ወይ የሀብታም ልጅ፤ ወይ ደግሞ በድብቅ የሚከፈለው ሰው ነው። በድብቅ መክፈሉም የተለመደ ሆኖ ነበር።

የአውስትራልያው ሮድ ሌቨር ለዚህ ምስክር ነው። በ1961 እና በ1962 ዓ.ም. ዊምብልደንን አሸነፈ፤ በ1962 ዓ.ም. አራቱንም ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት ወሰደ። ከዚህ በኋላ በግልጽ ለገንዘብ ለመጫወት ስለ ፈረመ ለአምስት ዓመታት የዊምብልደን በር ተዘጋበት። በዓለም የታወቀው ተጫዋች ውጭ ቆሞ ሌሎች ሻምፒዮን ሲባሉ ማየት ለውድድሩም ለራሱ ውርደት ነበር። በመጨረሻም በ1967 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዝ ቴኒስ ማኅበር አማተርና ፕሮፌሽናል የሚለውን ልዩነት ለመሻር ወሰነ፤ በማርች 1968 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ ማኅበር ውድድሮች ለሁሉም ክፍት እንዲሆኑ ፈቀደ። በዚያው ዓመት ሌቨር ተመልሶ መጣና አሸነፈ፤ ሽልማቱም 2,000 ፓውንድ ነበር።

በሩ ተከፈተ ማለት ግን ጉዳዩ አለቀ ማለት አልነበረም። ተጫዋቹ ገንዘብ እንዲቀበል ተፈቀደለት እንጂ በሥራው ላይ የመናገር መብት አልተሰጠውም ነበር። በ1972 ዓ.ም. ተጫዋቾቹ ማኅበር አቋቋሙ። በሚቀጥለው ዓመት ኒኮላ ፒሊች የተባለው የዩጎዝላቪያ ተጫዋች ለአገሩ በዴቪስ ዋንጫ አልተሰለፈም ተብሎ በአገሩ ፌዴሬሽን ታገደ፤ እገዳውም ከዊምብልደን የሚያስቀረው ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፤ 81 ተጫዋቾች አንድ ሆነው ከ1973 ዓ.ም. ውድድር ወጡ፤ ከእነርሱም መካከል ከ16ቱ ተመራጮች 13ቱ ይገኙባቸዋል። ውድድሩ ባይቋረጥም፤ የቼኮስሎቫኪያው ያን ኮዴሽም ቢያሸንፍ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ተጫዋቾቹ ፈቃድ ነገሩ እንደ ቀድሞው ሊቀጥል እንደማይችል ሁሉም ተረዳው።

የ2025 ዓ.ም. ሒሳብ

አሁን ወደ ዘመናችን እንመለስ። በ2025 ዓ.ም. ዊምብልደን ለሽልማት የመደበው ጠቅላላ ገንዘብ 53 ሚሊዮን ተኩል ፓውንድ ነበር። የነጠላ ሻምፒዮኑ 3 ሚሊዮን፤ በፍጻሜው የተሸነፈው 1 ሚሊዮን 520 ሺህ፤ በሩብ ፍጻሜ የወደቀው 400 ሺህ፤ በመጀመሪያው ዙር የወደቀው ቀደም ብለን እንዳልነው 66 ሺህ ፓውንድ አገኙ። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ለሴቶችና ለወንዶች የሚከፈለው እኩል ስለሆነ ይህ ሒሳብ ለሁለቱም ይሠራል።

እንግዲህ ሻምፒዮኑ በመጀመሪያው ዙር ከወደቀው ሰው 45 እጥፍ ያህል አገኘ ማለት ነው። ሰባት ጊዜ ያሸነፈ ሰው አንድም ጊዜ ካላሸነፈው እጅግ የበለጠ ማግኘቱን እኔ በበኩሌ አልነቅፈውም። 66 ሺህ ፓውንድም ቢሆን ጥቂት ገንዘብ አይደለም፤ አንባቢ ይህን አይቶ እነዚህ ሰዎች ምን ጎደላቸው ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን ከዚያ ገንዘብ ላይ የእንግሊዝ መንግሥት ግብር ይነሣል፤ የአሠልጣኝ፣ የወጌሻ፣ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ ይከፈላል። ይህም የሚሆነው ቋሚ ደመወዝ ለሌለው፤ ከሠላሳ አምስት ዓመቱ በኋላም ሥራውን ለሚያጣ ሰው ነው።

የክርክሩ ፍሬ ነገር ግን ሌላ ነው። ውድድሩን የሚያዘጋጀው ክለብ በአንድ ዓመት የሚያስገባው ገቢ ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ደርሷል። ከዚህ ላይ ለወንዱም ለሴቱም፣ ለነጠላውም ለጥንዱም ተጫዋች ሁሉ የሚደርሰው ድምር ከስምንት እጅ አንዱ ያህል ነው። ክለቡ ሜዳውን ማደስና ለእንግሊዝ ቴኒስ ማኅበር ትርፉን ማካፈል እንዳለበት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በ2025 ዓ.ም. የጸደይ ወራት የዓለም ታላላቅ ወንዶችና ሴቶች ተጫዋቾች ለአራቱ ውድድሮች አዘጋጆች ደብዳቤ ጽፈው፤ ከገቢው ላይ ድርሻቸው ከፍ እንዲልና ለተጫዋቾች ደኅንነት መዋጮ እንዲደረግ ጠየቁ። በዚያው ሰሞን ሌላ የተጫዋቾች ማኅበር ቴኒስን በሚያስተዳድሩት ድርጅቶች ላይ ኒው ዮርክ ውስጥ ክስ አቀረበ። በ1973 ዓ.ም. የተነሣው ጥያቄ ልብሱን ለውጦ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ከበሩ ውጭ

ደብዳቤውን የፈረሙት የታወቁት ናቸው፤ የሚቸገሩት ግን ያልታወቁት ናቸው። ከዊምብልደን ሣር ብዙ እርከን ወረድ ብለን ብንመለከት፤ ጠቅላላ ሽልማታቸው 15,000 የአሜሪካ ዶላር የሆነ ትናንሽ ውድድሮች በየአገሩ ሳምንት ሳይቀር ይካሄዳሉ። በእንዲህ ያለው ውድድር በነጠላ ያሸነፈ 2,160 ዶላር፤ በመጀመሪያው ዙር የወደቀ 156 ዶላር ያህል ያገኛል። 156 ዶላር የአውሮፕላን ቲኬት አይገዛም፤ የራኬት ክርና የሁለት ሌሊት ማደሪያ ችሎ ቢተርፍ ጥሩ ነው።

በ2018 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጠበቃ አዳም ሉዊስ የመሩት ነጻ የምርመራ ጉባኤ ባወጣው ሪፖርት፤ ፕሮፌሽናል ከሚባሉት 15,000 ያህል ተጫዋቾች መካከል፤ የአሠልጣኝ ወጪ እንኳ ሳይታሰብ፤ ገቢያቸው ወጪያቸውን የሚሸፍነው ከ250 እስከ 350 የሚደርሱት ብቻ መሆናቸውን ገለጸ። ይኸው ጉባኤ በዝቅተኛው ደረጃ የውጤት ሽያጭ እንደ ጎርፍ መስፋፋቱን መሰከረ። ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። የእነዚህ ትናንሽ ግጥሚያዎች ነጥብ በየደቂቃው ለአቋማሪ ድርጅቶች ሲሸጥ ቆይቷል። ስለዚህ በሜዳው ዳር ሃያ ተመልካች በሌለው ግጥሚያ ላይ፤ በሩቅ አገር የተቀመጡ ሰዎች ገንዘብ ያስይዛሉ። ተጫዋቹ በማሸነፍ የሚያገኘው መቶ ዶላር፤ በመሸነፍ የሚቀርብለት ሺህ ዶላር ከሆነ፤ ጨዋነቱን የምንፈትነው ከመጠን በላይ ነው። ጉባኤው በዝቅተኛው ደረጃ ይህ የመረጃ ሽያጭ እንዲቀር መምከሩ ትክክል ነበር። የተሸጠ ግጥሚያ ሁሉ ወንጀል ነው፤ ወንጀለኛውም ይቀጣ። ነገር ግን ወንጀሉ የሚበቅልበትን አፈር ሳይነኩ አረሙን ብቻ መንቀል ለከርሞ ሌላ አረም መጠበቅ ነው።

ተማሪው ተጫዋች

ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰው ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ብዙ ጊዜ ስላልሆነው፤ በ2025 ዓ.ም. ውድድር ልቡን ከሁሉ ይልቅ የነካው የኦሊቨር ታርቬት ነገር ነው። ታርቬት በካሊፎርኒያ በሳን ዲዬጎ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የ21 ዓመት እንግሊዛዊ ሲሆን፤ በሠንጠረዡ ላይ 733ኛ ነበር። የማጣሪያውን ሦስት ዙር አልፎ ወደ ዋናው ውድድር ገባ፤ በመጀመሪያው ዙር ሊያንድሮ ሪዲ የተባለውን የስዊስ ተጫዋች 3 ለ 0 አሸነፈ። በሁለተኛው ዙር በዋናው ሜዳ ላይ የሁለት ጊዜውን ሻምፒዮን አልካራዝን ገጥሞ ተሸነፈ፤ ሕዝቡም አጨብጭቦ ሸኘው።

ለሁለተኛው ዙር የተመደበው ሽልማት 99 ሺህ ፓውንድ ነበር። ታርቬት ግን ሙሉውን ሊወስድ አልቻለም። በዚያን ጊዜ በነበረው የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ደንብ መሠረት፤ ለኮሌጁ መጫወቱን ለመቀጠል የፈለገ ተማሪ በዓመት መቀበል የሚችለው ከወጪው ሌላ 10,000 ዶላር ብቻ ነበርና። ሌቨር በሩ ከተከፈተለት ከ57 ዓመት በኋላ፤ በዚያው ሣር ላይ በላቡ ያገኘውን ገንዘብ እንዳይነካ የተከለከለ ወጣት ታየ ማለት ነው። ከትምህርቱና ከእንጀራው አንዱን ምረጥ መባል፤ ስሙ የአማተር ክብር ቢሆንም፤ ለሚመርጠው ወጣት ከባድ ቀንበር ነው።

ምን ይደረግ?

አንዳንድ ሰው፤ ሕዝብ ገንዘቡን የሚከፍለው ሲነርንና አልካራዝን ለማየት ነው እንጂ ሦስት መቶኛውን ለማየት አይደለም፤ ገንዘቡም ወደሚታየው መሄድ አለበት ይል ይሆናል። አባባሉ እውነትነት አለው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ያኒክ ሲነር ራሱ በ2019 ዓ.ም. መጀመሪያ፤ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፤ ከ500ኛ በታች ነበር። በዚያን ጊዜ በልዩ ግብዣ ገብቶ ያሸነፈው በኢጣልያ በቤርጋሞ ከተማ በተደረገ ሁለተኛ ደረጃ ውድድር ነው። ቤርጋሞ ባይኖር የዊምብልደኑን ሲነር ከየት እናገኘው ነበር? ሻምፒዮን ከላይ የሚወርድ ሳይሆን ከታች የሚበቅል ነው። ደግሞም 128 ሰው ሳይሰለፍ ሰባት ዙር አይሞላም፤ ተሸናፊ የሌለበት አሸናፊም የለም። ስለዚህ ለተሸናፊው የሚከፈለው ገንዘብ ምጽዋት አይደለም፤ ውድድሩን ውድድር ላደረገ ሠራተኛ የሚገባ የድካም ዋጋ ነው።

መልካም ጅምር አለ። የወንዶቹ ማኅበር ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ፤ በዓመቱ ውስጥ ከአንደኛ እስከ መቶኛ ላሉት 300,000፤ እስከ 175ኛ ላሉት 150,000፤ እስከ 250ኛ ላሉት 75,000 ዶላር ዝቅተኛ ገቢ ለማረጋገጥና የጎደለውን ለመሙላት ዕቅድ አወጣ፤ ለተጎዱትም የተለየ ድጋፍ አሰበ። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ሆኖም ከ251ኛው በኋላ ያለው ሰው አሁንም በዝናብ ላይ ቆሟል። በእኔ አስተያየት አራቱ ታላላቅ ውድድሮች ከገቢያቸው የተወሰነ እጅ ለታችኛው እርከን ቢመድቡ፤ ይኸውም የአንድ ሳምንት ማደሪያና ምግብ ለሚጫወተው ሁሉ እንዲቻል ቢያደርጉ፤ የዋንጫው ክብር አይቀንስም፤ ውጤት ገዢውም ደንበኛ ያጣል። ታላላቆቹ ተጫዋቾችም ድርሻችን ይጨመር ሲሉ፤ የሚጨመረው ከማን ጽዋ ውስጥ እንደሚገባ አብረው ቢናገሩ ክርክራቸው ይበልጥ ይጸናል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላስታውስ። ሲነር ዋንጫውን ባነሣበት በዚያው ውድድር፤ ጁላይ 7 ቀን፤ በአራተኛው ዙር የቡልጋሪያው ግሪጎር ዲሚትሮቭ 2 ለ 0 ይመራው ነበር። በሦስተኛው ክፍል ሁለት እኩል ሲሆኑ የዲሚትሮቭ የደረት ጡንቻ ተጎድቶ ሣሩ ላይ ወደቀ፤ እያለቀሰም ጨዋታውን ለማቆም ተገደደ። ሲነር መረቡን ተሻግሮ ወደ እርሱ ሄዶ አጽናናው፤ በኋላም ያንን እንደ ድል እንደማይቆጥረው ተናገረ። ከስድስት ቀን በኋላ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያን ምሽት ከ127ቱ አንዱ ለመሆን ምን ያህል ቀርቦ እንደ ነበር ከእርሱ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። የውድድሩ ባለቤቶች ገንዘቡን ሲያከፋፍሉ ያንን ምሽት ቢያስታውሱት መልካም ነው።